ጥገኛ ተውሳኮች አንጀትን የሚወሩበትን መንገድ በቤተ ሙከራ ስለ መመርመር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሳይንስ ክበብ አባሎች የተሰማ ንግግር)



ለዛሬው በዓል የሳይንስ ክበባችን ንግግር እንዲያሰማ በታዘዘ ጊዜ፣ ስለ ጨረቃ ጉዞ ወይም ስለ አቶም ኀይል እንናገር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እንዲህ ያለው አርእስት ለጆሮ ያማረ እንደሚሆን አልጠፋንም። ሆኖም ከብዙ ክርክር በኋላ ከጨረቃ ይልቅ ወደ እኛ የቀረበውን ነገር መረጥን። የመረጥነው ነገር ከሩቅ አገር የሚመጣ ሳይሆን በገዛ ሆዳችን ውስጥ የሚኖር ነው። ይኸውም ወስፋት፣ መንጠቆ ትል፣ አሜባና እነዚህን የመሳሰሉት ጥገኛ ተውሳኮች አንጀታችንን በምን መንገድ እንደሚወሩ፣ ሊቃውንትም ይህን ለማወቅ በቤተ ሙከራ ውስጥ ምን ዐይነት አምሳያዎችን እንደ ሠሩ መግለጽ ነው።

ስለ ሆድ ትል በአደባባይ መናገር ነውር የሚመስለው ሰው ቢኖር ይቅርታ እንጠይቃለን። ነገር ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና፣ በእንደዚህ ያለ ቀን ወላጅና ልጅ በአንድ ላይ ተቀምጠው ካልሰሙት ሌላ የሚሰሙበት ቀን አይገኝም ብለን አሰብን።

ንግግራችንን በአራት ክፍል ከፍለነዋል። በመጀመሪያ ትሉ ከቡና አገራችን ጋር ያለውን ዝምድና፤ በሁለተኛው አንጀት በምን ዐይነት አጥር እንደ ታጠረ፤ በሦስተኛው ሊቃውንት የሠሯቸውን አምሳያዎች፤ በመጨረሻም ከዚህ ሁሉ ለእኛ ምን ትምህርት እንደሚገኝ እናያለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

1. ቡናና ትል በአንድ ጥላ ሥር

ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ ወደ በበቃ የቡና እርሻ የወረደ፣ ወይም በቴፒ በኩል የሸካን ደን ያቋረጠ ሰው የምድራችንን ጠባይ ያውቀዋል። ዝናቡ ብዙ ነው፤ አፈሩ ለስላሳ ነው፤ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ በበሰበሰ ቅጠል ላይ ይበቅላል። ይህ ጸጋ ነው። ነገር ግን ለቡና የተመቸው ሁሉ ለመንጠቆ ትልም የተመቸ ነው።

የመንጠቆ ትል ዕንቁላል ከሰው ዐይነ ምድር ጋር በመሬት ላይ ይወድቃል። መሬቱ ሞቃት፣ እርጥብና ጥላ ያለበት ከሆነ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈለፈላል፤ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥም ዕጩ የሰውን ቆዳ ለመብሳት ብቁ ይሆናል። ፀሐይ የሚያቃጥለው ደረቅ መሬት ይገድለዋል፤ በቡና ሥር ያለው እርጥብ ቅጠል ግን እንደ ተነጠፈ አልጋ ይሆንለታል። ዕጩ ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ የረገጠው ሰው አያየውም። ለቀማ የወጣ ሰው በባዶ እግሩ ሲረግጠው በቆዳው በኩል ይገባል፤ በደም ሥር ተጉዞ ከሳንባ ይደርሳል፤ ከሳንባ ወደ ጉሮሮ ወጥቶ ይዋጣል፤ በመጨረሻም በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ነክሶ ይቀመጣል።

እዚያ ተቀምጦ የሚሠራውን በቁጥር እንየው። ኔካቶር የሚባለው የመንጠቆ ትል ዐይነት አንዱ በቀን 0.03 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያስወጣል። ይህ እጅግ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን አንድ ልጅ 100 ትሎች ቢኖሩበት በቀን 3 ሚሊ ሊትር፣ በወር 90 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ይህም አንድ ሲኒ ቡና ያህል ማለት ነው። በየወሩ አንድ ሲኒ ደም የሚፈስስበት ልጅ በጥቁር ሰሌዳው ፊት ቢያንቀላፋ፣ ሰነፍ ነው ብሎ መፍረድ ይገባልን? መምህሮቻችንና ወላጆቻችን ይህን ጥያቄ በልባቸው እንዲይዙልን እንለምናለን።

ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ቡና ከኢትዮጵያ ደን ወጥቶ በዓለም ከተሰራጨ በኋላ፣ በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በፖርቶ ሪኮ ደሴትም የቡና ሠራተኞች በብዛት እየገረጡና እየዛሉ ይሞቱ ነበር። ብዙ ሰዎች ምክንያቱ የምግብ ማነስ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በ1899 ዓ.ም. ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ደሴቲቱን ከመታ በኋላ፣ ቤይሊ አሽፎርድ የተባለ አሜሪካዊ የጦር ሐኪም በፖንሴ ከተማ ሕመምተኞቹን ሲያክም፣ ደኅና ምግብ ቢሰጣቸውም አልሻል አሉት። ከዚህ የተነሣ ዐይነ ምድራቸውን በማይክሮስኮፕ መረመረ፤ የመንጠቆ ትል ዕንቁላልም አገኘ። በ1904 ዓ.ም. በደሴቲቱ የደም ማነስን የሚዋጋ ኮሚሲዮን ተቋቁሞ ብዙ ሕዝብ ታከመ። ጥላውና እርጥበቱ ያው፣ ባዶ እግሩ ያው፣ ትሉም ያው ነበር ማለት ነው።

በእኛ አውራጃዎች ከመንጠቆ ትል ሌላ ወስፋት፣ ጅራፍ መሰል ትል፣ አሜባና ጃርዲያም ይገኛሉ። በሚዛን አማን አንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ2015 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ በወንዝ ውሃ የሚመጣው ቢልሃርዝያ ከፍተኛ ሥርጭት እንዳለው ገልጿል።

በዚያው በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ወር መንግሥት በትምህርት ቤቶች አማካይነት ለልጆች የትል መድኃኒት የሚታደልበትን ብሔራዊ ፕሮግራም ጀመረ። ከትምህርት ቤት ወጥተን ኪኒን የዋጥን ሁሉ የዚህ ፕሮግራም ተካፋዮች ነን። ኪኒኑ ታላቅ ጥቅም አለው። ነገር ግን ኪኒኑ በውስጥ ያለውን ትል ያስወጣል እንጂ በሩን አይዘጋም። ልጁ በማግሥቱ በባዶ እግሩ ወደ ቡናው ቢመለስ ሌላ ዕጭ ይገባል። በጅራፍ መሰል ትል ላይ ደግሞ የተለመደው ኪኒን አንድ ጊዜ ብቻ ሲዋጥ ኀይሉ ደካማ ነው። ለሰው የሚሆን የሆድ ትል ክትባት እስካሁን የለም።

አባቶቻችንና እናቶቻችን በዚህ ነገር ያለ ዕውቀት አልነበሩም። ኮሶን፣ እንቆቆንና መተሬን መርጠው ያወጡ እነርሱ ናቸው። ይሁን እንጂ የወጣውን ትል በዐይናቸው ሲያዩ፣ የገባበትን በር ለማየት ግን መሣሪያ አልነበራቸውም። የቤተ ሙከራ አምሳያ ያስፈለገው ይህን በር ለማየት ነው።

2. የአንጀት አጥር

ትንሹ አንጀት ርዝመቱ 6 ሜትር ያህል ነው። ውስጡ እንደ ውሃ ቧንቧ ልሙጥ ሳይሆን እንደ ወፍራም ፎጣ ትንንሽ ጣቶች ያሉት ነው። እነዚህ ጣቶች ሁሉ ቢዘረጉ የቴኒስ ሜዳ ያህል ይሰፋሉ ተብሎ በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። በ2014 ዓ.ም. ግን የስዊድን ሊቃውንት ነገሩን እንደገና ለክተው የሆድ ዕቃችን መንገድ በጠቅላላው 30 ካሬ ሜትር ያህል መሆኑን አሳይተዋል፤ ይህም የአንድ መማሪያ ክፍል ወለል እኩሌታ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስፍራ የሚሸፍነው አጥር ውፍረቱ የአንድ ሕዋስ ብቻ ነው። ለምን እንዲህ ሳሳ ቢባል፣ ምግብ በእርሱ በኩል ወደ ደም ማለፍ ስላለበት ነው። በጣም ወፍራም ቢሆን ኖሮ ከትል በዳንን፣ በረኀብም በሞትን ነበር። ስለዚህ አጥሩ በሌላ ዘዴ ይጠበቃል። ከላዩ ዝልግልግ ፈሳሽ ይለብሳል፤ ሕዋሳቱ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አሮጌው እየወደቀ በአዲስ ይተካሉ፤ ከኋላው የሰውነት ጠባቂ ሕዋሳት ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ከፊቱም ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች እንደ ጎረቤት ይኖራሉ።

ወራሪዎቹ ይህን አጥር በየራሳቸው ዘዴ ይደፍሩታል። ጃርዲያ ግድግዳውን አይበሳም፤ እንደ መምጠጫ ባለ ሰውነቱ ተለጥፎ ይኖራል። አሜባ ሕዋሳቱን ይበላል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ረቂቅ ተውሳክ በሕዋሱ ቆዳ ሥር ተሸሽጎ፣ ከሕዋሱ ዋና ክፍል ግን ሳይደርስ፣ በደጅና በእልፍኝ መካከል ይቀመጣል። ጅራፍ መሰል ትል ቀጭኑን አካሉን በሕዋሳቱ መካከል ቀብሮ ይኖራል። የወስፋት ዕጭ ግድግዳውን በስቶ ይወጣና በጉበትና በሳንባ ዞሮ ወደዚያው አንጀት ይመለሳል። የቢልሃርዝያ ዕንቁላል ደግሞ ከሁሉ የተለየ ነው፤ እርሱ ግድግዳውን የሚበሳው ከደም ሥር ወደ አንጀት፣ ማለት ከጓዳ ወደ ደጅ ነው።

ችግሩ ይህ ሁሉ የሚሆነው በጨለማ ውስጥ መሆኑ ነው። ሕመምተኛው ከሐኪም ቤት ሲደርስ ወራሪው ከገባ ሰንብቷል፤ ሐኪሙም ቤት ከተዘረፈ በኋላ እንደሚደርስ ዘበኛ ነው። ሕያው ሰውን ከፍቶ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ሊቃውንት አንጀትን የሚመስል ሌላ ነገር ፈለጉ፤ ይህንንም አምሳያ እንለዋለን። ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ በትንሹ እንደሚነድፍ፣ እነርሱም የሰውን አንጀት በእንስሳ፣ በብርጭቆ ወይም በሕዋስ ነደፉት።

3. የአምሳያዎቹ ታሪክ

ሀ. የገዛ ሰውነት

የመጀመሪያው አምሳያ የተመራማሪው የራሱ ሰውነት ነበር። በካይሮ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው አርቱር ሎስ የመንጠቆ ትል ዕጭ ያለበት ውሃ በድንገት በእጁ ላይ ፈሰሰበት። ቆዳው አሳከከውና ቀላ። ሰንብቶ ዐይነ ምድሩን ሲመረምር የትሉን ዕንቁላል አገኘ። በ1898 ዓ.ም. ዕጩ በቆዳ በኩል እንደሚገባ ሲያስታውቅ ብዙ ሊቃውንት ለማመን ተቸግረው ነበር፤ በአፍ ብቻ የሚገባ ይመስላቸው ነበርና።

በ1916 ዓ.ም. ስቱዋርት የተባለ እንግሊዛዊ ለዐይጦች የወስፋት ዕንቁላል አብልቶ ዕጮቹ በጉበትና በሳንባ ሲያልፉ አየ። በሰው ላይስ እንዲሁ ነውን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው ኮይኖ የተባለው ጃፓናዊ ሐኪም ነው። በ1922 ዓ.ም. 2000 የሰው ወስፋት ዕንቁላሎች ዋጠ፤ ለታናሽ ወንድሙም 500 የዐሣማ ወስፋት ዕንቁላሎች አዋጠው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮይኖ እንደ ሳንባ ምች ያለ ብርቱ ሕመም ታመመና በአክታው ውስጥ ዕጮቹን አገኘ። እኛ ድፍረቱን ብናደንቅም ምሳሌነቱን ለማንም አንመክርም። ጓደኞቻችን ሆይ፣ ሳይንስን መውደድ ትል መዋጥ አይደለም።

ለ. እንስሳት

ቀጥሎ ሊቃውንት ወደ እንስሳት ዞሩ። እዚህ ላይ አንድ ታላቅ እንቅፋት ገጠማቸው። የሰው ትል ሰውን ለምዶ ስለ ኖረ በዐይጥ ሆድ ውስጥ አድጎ ዕንቁላል ለመጣል አይመቸውም። ከዚህ የተነሣ ለዐይጥ የዐይጥን ጅራፍ መሰል ትል፣ ለዐሣማ የዐሣማን ወስፋት፣ ሐምስተር ለሚባለው ትንሽ እንስሳም የሚስማማውን የመንጠቆ ትል ዐይነት ወስደው ይመረምራሉ። የአጎት ልጅን አይቶ ስለ ወንድም እንደ መናገር ነው፤ ብዙ ይመሳሰላሉ፣ አንድ ግን አይደሉም።

ከእንስሳ አምሳያዎች ሁለት ትምህርቶችን እንጥቀስ። የመጀመሪያው በ1955 ዓ.ም. የተገኘ ነው። አሜሪካውያን ሊቃውንት ምንም ባክቴሪያ በሌለበት ንጹሕ ቤት ያሳደጓቸውን ጊኒ ፒግ የሚባሉ እንስሳት ወስደው አሜባን በአንጀታቸው አገቡ። አሜባው አንጀቱን ሳያቆስል ቀረ። አንድ ዐይነት ባክቴሪያ ብቻ ቢጨምሩበት ግን ቁስሉ ተነሣ። ስለዚህ ወራሪው ብቻውን አይሠራም፤ ጎረቤቱ ምን ዐይነት እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የዐይጥ ጅራፍ መሰል ትል ዕንቁላል ባክቴሪያ ሲነካው እንደሚፈለፈል ታወቀ። ዕንቁላሉ የአንጀትን ባክቴሪያ እንደ ማንቂያ ደወል ይጠቀምበታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ቢልሃርዝያ ነው። የመከላከያ ኀይላቸው በተዳከመ ዐይጦች ላይ ሲመረመር፣ ከሰውነታቸው የሚወጣው የቢልሃርዝያ ዕንቁላል ከጤነኞቹ ይልቅ ያነሰ ሆነ። ጠባቂው ሲደክም ወራሪው ይበረታል ብለን እንጠብቃለን፤ እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጦ ተገኘ። ለካስ ዕንቁላሉ ግድግዳውን የሚያልፈው ሰውነት ተቆጥቶ በዙሪያው በሚያስነሣው ቁስል እየተረዳ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በሐሳብ ብቻ ማንም አይደርስበትም።

ሐ. ሕዋስ በብርጭቆ ውስጥ

በ1961 ዓ.ም. ሉዊስ ዳይመንድ የተባለ አሜሪካዊ አሜባን ያለ ምንም ሌላ ሕያው ነገር በብርጭቆ ውስጥ ለብቻው ማሳደግ ቻለ። ከዚያ በፊት አሜባው የሠራውንና አብሮት ያለው ባክቴሪያ የሠራውን ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከአንድ የአንጀት ነቀርሳ ሕመምተኛ የተወሰዱ ሕዋሳት በኒው ዮርክ በቤተ ሙከራ ውስጥ እንዲራቡ ተደረገ። ካኮ ሁለት የሚባሉት እነዚህ ሕዋሳት በስስ ወንፊት ላይ ሲዘሩ እንደ አንጀት ግድግዳ ጎን ለጎን ተያይዘው ይቆማሉ። እንግዲህ ወራሪውን ከላይ ጨምሮ፣ አጥሩ መቼና የት እንደሚፈርስ በማይክሮስኮፕ መመልከት ተቻለ።

በሕዋስ አምሳያ ከታዩት ነገሮች እጅግ የሚያስደንቀው በ2014 ዓ.ም. የታተመው ነው። አሜባ ሕዋሱን በመጀመሪያ ገድሎ ኋላ ይውጠዋል ተብሎ ሲነገር ኖሮ ነበር። በተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲያዩት ግን አሜባው ሕያውን ሕዋስ እየነከሰ ቁራሽ በቁራሽ ሲበላው፣ ሕዋሱም ከብዙ ንክሻ በኋላ ሲሞት ተገኘ።

መ. ትንሿ አንጀት

የነቀርሳ ሕዋስ ግን የጤነኛ አንጀት እውነተኛ ምስል አይደለም። አንድ ዐይነት ሕዋስ ብቻ ነው፤ እውነተኛው አንጀት ግን ምግብ የሚመጥጥ፣ ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያመነጭና ሌላም ሥራ ያለው ብዙ ዐይነት ሕዋስ አለው። መፍትሔው በ2009 ዓ.ም. ከሆላንድ አገር መጣ። በኡትሬክት ከተማ በሐንስ ክሌቨርስ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊው ቶሺሮ ሳቶ ከዐይጥ አንጀት አንድ ግንደ ሕዋስ ወስዶ፣ በሚመች ወፍራም ፈሳሽ ውስጥ አኑሮ፣ የሚያስፈልገውን ምግብ ሰጠው። አንዱ ሕዋስ ተራብቶ፣ ልዩ ልዩ ዐይነት ሕዋሳት ያሉባት፣ ከጤፍ ቅንጣት እምብዛም የማትበልጥ ትንሽ አንጀት ሆነ። በ2011 ዓ.ም. ከሰው በተወሰደ ሕዋስም ተሳካ።

ይህች ትንሽ አንጀት እንደ ኳስ ድቡልቡል ናት፤ ምግብ የሚያልፍበት ፊቷም ወደ ውስጥ ነው። ስለዚህ ወራሪው በደጇ እንዲገባ እጅግ በቀጠነ መርፌ ወደ ውስጧ መጨመር አስፈለገ። በ2018 ዓ.ም. ክሪፕቶስፖሪዲየም በዚህ መንገድ ተጨምሮ በሰው አንጀት አምሳያ ውስጥ የሕይወቱን ዑደት ፈጸመ። የዚህን ጥቅም ለመረዳት፣ በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚልዎኪ ከተማ ይኸው ተውሳክ በቧንቧ ውሃ ገብቶ 400000 ያህል ሰዎችን እንዳሳመመ ማስታወስ ይበቃል። ለውሃ ማጣሪያ የሚጨመረው ክሎሪን አይገድለውም፤ ማፍላት ግን ይገድለዋል። በ2013 ዓ.ም. በወጣውና በ7 የአፍሪካና የእስያ አገሮች በተደረገው ታላቅ ጥናት ሕፃናትን በብርቱ ተቅማጥ ከሚያሠቃዩት መካከል በግንባር ቀደምትነት ተቈጥሯል።

በ2022 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ አገር የሚሠሩ ሊቃውንት ከዐይጥ ትልቅ አንጀት መጀመሪያ የተሠራ አምሳያ በስስ ወንፊት ላይ ዘርግተው ጅራፍ መሰል ትልን አስገቡበት። ገና የተፈለፈለው ዕጭ ዝልግልጉን ፈሳሽ እያሟሟ ከሕዋሳቱ ደርሶ፣ የሕዋሳቱን ድንበር እያፈረሰ፣ እንደ ፍልፈል መተላለፊያ ሲቆፍር ታየ። እስከዚያ ድረስ ይህ ትል መጀመሪያ እንዴት እንደሚገባ በግልጽ አይታወቅም ነበር። በሩ ከታወቀ ዘንድ ለበሩ መቀርቀሪያ መፈለግ ይቻላል።

ሠ. ፈቃደኛ ሰዎች

በመጨረሻ ሁሉም አምሳያ ወደ ሰው ይመለሳል። በ1913 ዓ.ም. ዎከርና ሴላርድስ የተባሉ ሐኪሞች በፊሊፒንስ በማኒላ ወህኒ ቤት ለነበሩ 20 ሰዎች አሜባ አበሏቸው። 18ቱ አሜባው ገባባቸው፤ በደም ተቅማጥ የታመሙት ግን 4 ብቻ ነበሩ። ተውሳክ መያዝና መታመም አንድ አለመሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ዕውቀቱ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ሰዎቹ ፈቃደኞች ናቸው ቢባልም፣ እስረኛ «እምቢ» ለማለት ምን ያህል ነጻነት አለው? ይህ ጥያቄ ከዕውቀቱ ጋር አብሮ መነሣት አለበት።

ዛሬ በሰው ላይ የሚደረግ ሙከራ በጽሑፍ ፈቃድ፣ በሐኪሞች ጥበቃና በሥነ ምግባር ጉባኤ ይመራል። በ2020 ዓ.ም. በሆላንድ በላይደን ከተማ 17 ፈቃደኞች የቢልሃርዝያን ወንድ ዕጭ ብቻ ተቀብለዋል። ወንዱ ብቻውን ዕንቁላል ስለማይጥል፣ ዋናውን ጉዳት የሚያደርሰው ዕንቁላል በሰውነታቸው ውስጥ አይገኝም፤ ሙከራው ሲያበቃም መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል። ከ1913 እስከ 2020 ያለው ልዩነት የመሣሪያ ብቻ ሳይሆን ለሰው ክብር የመስጠትም ልዩነት ነው።

4. ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው የመጀመሪያ ትምህርት፣ ማንኛውም አምሳያ ለአንድ ጥያቄ ይመልሳል እንጂ ለሁሉ አይመልስም የሚል ነው። የሕዋስ አምሳያ ንክሻውን ያሳያል፤ የሰውነትን ቍጣ ግን አያሳይም። ዐይጥ ቍጣውን ያሳያል፤ ሰው ግን አይደለችም። ትንሿ አንጀት የሰው ናት፤ ደምና ባክቴሪያ ግን የላትም። ጥበብ ያለው የአንዱን ጉድለት በሌላው በመሙላት ላይ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ወደ አገራችን ይመልሰናል። በሩቅ አገር ቤተ ሙከራ ያለች ዐይጥ በንጹሕ ቤት የምትኖር፣ የተመጠነ ምግብ የምትበላ፣ አንድ ዐይነት ትል ብቻ የተሰጣት ናት። በቡና አገራችን ያለ ልጅ ግን በአንድ ጊዜ መንጠቆ ትል፣ ወስፋትና ጃርዲያ ሊኖርበት ይችላል፤ በክረምት የምግቡ መጠን ይቀንሳል፤ የሚጠጣው ውሃም ሌላ ነው። የዚህን ልጅ አንጀት የሚመስል አምሳያ ማን ይሥራ? አገሩን የሚያውቅ ሰው ካልሆነ ማንም አይሠራውም ብለን እናምናለን።

ይህ ባዶ ምኞት እንዳይመስል አንድ ኢትዮጵያዊ እንጥራ። በ1964 ዓ.ም. ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲመረምር፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች እንዳሉ አስተዋለ። የቢልሃርዝያ ዕጭ በቀንድ አውጣ ሆድ ውስጥ ሳያድግ ወደ ሰው አይመጣም። ስለዚህ እንዶዱን ወደ ቤተ ሙከራ ወስዶ ፈተነው፤ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድልም አረጋገጠ። ይህን እንዶድ ስንት እናቶች ስንት ዘመን ነጠላ ሲያጥቡበት ኖረዋል! እርሱ ያመጣው አዲስ ነገር የሞተውን ቀንድ አውጣ አይቶ «ለምን?» ማለቱ ነው። በ1966 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረተ፤ ተቋሙም ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1989 ዓ.ም. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለ።

እኛ ደግሞ ከአድዋ ይልቅ የቀረበ ዕድል አለን። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በደጃችን ነው፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲም ሩቅ አይደለም። በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ በማይክሮስኮፕ የሽንኩርት ልጣጭ ስናይ እንደ ጨዋታ የሚቈጥረው ጓደኛችን ካለ፣ አሽፎርድ የፖርቶ ሪኮን የቡና ሠራተኞች ሕመም ያወቀው በዚያ ዐይነት መሣሪያ መሆኑን ያስታውስ።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ትምህርት ክትባቱ እስኪገኝ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም የሚል ነው። የመንጠቆ ትል በር እግር ስለሆነ ጫማ ይዘጋዋል። የወስፋት፣ የጅራፍ መሰል ትልና የአሜባ በር አፍ ስለሆነ እጅ መታጠብና ውሃ ማፍላት ይዘጋዋል። የሁሉም ምንጭ ሜዳ ላይ የወደቀ ዐይነ ምድር ስለሆነ መጸዳጃ ቤት ከሥሩ ይቈርጠዋል። ወላጆቻችን ሆይ፣ ቡናው ተሽጦ ገንዘቡ በእጅ ሲገባ ለለቃሚው ልጅ መጀመሪያ ጫማ ግዙለት። በቡናው ማሳ ዳርም ለሠራተኛ የሚሆን ጉድጓድ ይቈፈር። የአንድ ጫማ ዋጋ በየወሩ ከሚፈስሰው ከዚያ ሲኒ ደም አይበልጥም። መምህሮቻችን ሆይ፣ የሚያንቀላፋውን ተማሪ ከመቅጣታችሁ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት። ጓደኞቻችን ሆይ፣ ኪኒን በሚታደልበት ቀን አትቅሩ።

 በሚቀጥሉት የበዓል ዓመታት ከዚህ መድረክ ላይ የሚቆም ሌላ ተማሪ ስለ ሎስና ስለ ክሌቨርስ ብቻ ሳይሆን፣ በሚዛን ወይም በቴፒ ተወልዶ የትሉን በር ስለ ዘጋ ሰው እንዲናገር ምኞታችን ነው። ያ ሰው ምናልባት አሁን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያዳምጠን ይሆናል።